የሳነቴ ነበልባል፦ ጧፍና ሻማ በባሌ ደጋ እንዴት ይነድዳሉ?

ሻማ ሲበራ የሚነድደው የሰሙ ተን ነው። ጠጣሩ ሰም በራሱ አይነድድም፤ ቀልጦ በክሩ ዙሪያ ያቆረው ፈሳሽም አይነድድም። ፈሳሹ ክሩን ይዞ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ግሎ ተን ሲሆንና ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው እሳት የሚሆነው። መብራት በጠፋ ምሽት ሮቤ ውስጥ ተማሪ የሚያጠናበት የፓራፊን ሻማም፣ ጎባ ውስጥ በማሕሌት ሌሊት ካህናቱ የሚይዙት የሰም ጧፍም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። የባሌ ደጋ ግን ለዚህ ሕግ አንድ ነገር ይጨምርበታል፤ ከፍታን። ያው ሻማ በቆላውና በተራራው አናት ላይ ተመሳሳይ ሰም እያቃጠለ የተለያየ ብርሃን ይሰጣል።

ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ይገኛሉ። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ የአስታ ቁጥቋጦውን አልፎ 4,000 ሜትር በሚደርሰው በሳነቴ አምባ ላይ ይዘረጋል፤ የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ቆሞ ይታያል። ከዚያ መንገዱ ሪራን አልፎ በሐረና ደን ውስጥ ቁልቁል ይወርድና ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሎ መና ይደርሳል። አንድ መኪና በአንድ ቀን ከደጋ ወደ ውርጭ፣ ከውርጭ ወደ ቆላ የሚያልፍበት እንዲህ ያለ መንገድ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ስለ እሳት ለሚያጠና ሰው ይህ መስመር የተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከንብ ነው። በሐረና ደን ንብ አርቢዎች ቀፏቸውን ረጃጅም ዛፎች ላይ ያስራሉ፤ ማሩ ሲደርስ በገመድ ወጥተው፣ ንቡን በጢስ አባርረው ይቆርጣሉ። በደኑ ላይኛው ክፍል ኮሶው፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ የዱር ቡናው ለንቡ አበባ ያቀርባሉ። ሰሙን የሚሠሩት ወጣት ሠራተኛ ንቦች ናቸው፤ ከሆዳቸው ሥር ካሉ አራት ጥንድ ዕጢዎች ስስ ቅርፊት ሆኖ ይወጣል፤ ንቧ በአፏ አላምጣ የማር እንጀራውን ትገነባበታለች። አንድ ኪሎ ሰም ለማውጣት ንቦች ከ6 እስከ 8 ኪሎ የሚገመት ማር ይበላሉ። ስለዚህ በጧፍ ውስጥ የታመቀው ጉልበት መነሻው አበባ ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ንቧ ስኳሩን ወደ ስብ መሰል ነገር ለውጣ አስቀመጠችው።

ኢትዮጵያ በማርም ሆነ በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ለዚህ አንዱ ምክንያት ጠጅ ነው። ማሩ ከነሰፈፉ ለጠጅ ይጣልና ጠጁ ሲጠለል ሰፈፉ ይቀራል፤ ጠጅ ጣዮች አጠራቅመው ይሸጡታል። ሰፈፉ በውኃ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ እንዲበርድ ይተዋል። ሰም ከውኃ ጥቂት ቀለል ስለሚል ከላይ ተንሳፍፎ ይረጋል፤ አፈሩና እድፉ ከታች ይዘቅጣል። የሮቤ ከፍታ ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይሆንም። እዚያ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ በሳነቴ ደግሞ 87 አካባቢ። የንብ ሰም ግን 62 እና 64 ዲግሪ መካከል ስለሚቀልጥ የፈላው ውኃ ገና ብዙ ትርፍ ሙቀት አለው።

የንብ ሰም አንድ ወጥ ንጥረ ነገር አይደለም፤ ከ300 በላይ ውሁዶች ተለይተውበታል። አብዛኛው ኤስተር ይባላል፤ ረጅም የአሲድ ሰንሰለትና ረጅም የአልኮል ሰንሰለት ተገናኝተው የሚሠሩት ሞለኪውል ነው። ዋነኛው 46 የካርቦን፣ 92 የሃይድሮጅንና 2 የኦክስጅን አተሞች አሉት። ከሱቅ የሚገዛው ነጭ ሻማ አብዛኛውን ጊዜ ፓራፊን ነው፤ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ፣ ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ ካርቦኖች በሰልፍ የቆሙበትና በሃይድሮጅን የተከበቡበት ሰንሰለት። መነሻቸው ይራራቅ እንጂ ሁለቱም በመሠረቱ ካርቦንና ሃይድሮጅን ናቸው፤ ሲነድዱም የሚሆኑት ያው ነው። ፓራፊኑ ቀደም ብሎ ይቀልጣል። በቆላ ሙቀት ሻማ የሚጎብጠው፣ ጧፉ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆየው በዚህ ነው።

ጧፍ ሲሠራ የተፈተለ የጥጥ ክር በቀለጠ ሰም ተነክሮ ይወጣና ሰሙ ሲረጋበት እንደገና ይነከራል፤ ከዚያ ገና ለስላሳ ሳለ እየተዳመጠ እኩል ይደረጋል። ክሩ ለነበልባሉ የነዳጅ ቧንቧ ነው። የነጠላ ጫፍ ውኃ ሲነካው እርጥበቱ ሽቅብ እንደሚሳብ ሁሉ፣ የቀለጠው ሰምም በጥጡ ቃጫዎች መካከል ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች እየተሳበ ይወጣል። ፈሳሹ ከቃጫው ጋር ያለው መያያዝ ወደ ታች ከሚጎትተው ክብደቱ ይበልጣል፤ ፓምፕ የለም፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለም። ነበልባሉ ሲበረታ ሰሙ ቶሎ ይተናል፣ ቶሎ በተነነ ቁጥር ከታች ይተካል። ሲደክም ደግሞ የሚቀልጠውም የሚወጣውም ይቀንሳል። ሻማ ሰዓታት ሙሉ ሳይነካ በአንድ መጠን የሚነድደው በዚህ መመላለስ ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ዕቃ ራሱን እንዲህ ሲቆጣጠር ማየት ሊያስደንቅ ይገባል።

የክሩ አሠራር ትልቅ ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1825 ፈረንሳዊው ካምባሴሬስ ክሩን እንደ ሹሩባ መጎንጎን ጀመረ። የተጎነጎነ ክር ሲነድድ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል፤ ጫፉ ከነበልባሉ መሐል ወጥቶ ኦክስጅን ወዳለበት ጠርዝ ይደርስና አመድ ይሆናል። የፋብሪካ ሻማ በየጊዜው ጫፉን መቁረጥ የማያስፈልገው ለዚህ ነው። የጧፍ ክር ግን ተፈትሎ የቆመ ስለሆነ የከሰለው ጫፍ በነበልባሉ መካከል ይቀራል፤ ኦክስጅን ስለማያገኝ አይቃጠልም። ረዝሞ ሲጠቁር ከሚገባው በላይ ሰም ያተናል፣ ጧፉም ይጨሳል። በሌሊት አገልግሎት ጧፍ የያዘ ዲያቆን የከሰለውን ጫፍ እየቆነጠረ የሚጥለው፣ ነዳጁን ከአየሩ ጋር መልሶ ለማመጣጠን ነው።

አሁን ነበልባሉን ቀርቦ ማየት ይቻላል። ነፋስ በሌለበት ክፍል የሚነድድ ጧፍ አንድ ዓይነት እሳት የለውም። ክሩን የከበበ ጠቆር ያለ ክፍል አለ፤ እዚያ ገና ያልነደደ የሰም ተን ይገኛል፤ ሙቀቱም ከሌላው ያነሰ ነው፣ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ የሚደርስ። ከሥሩ በኩል እንደ ጽዋ ያቀፈው ሰማያዊ ጠርዝ ይታያል። ከዚህ በላይ ደማቁ ቢጫ ክፍል ሽቅብ ይሾላል፤ 1,200 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሁሉንም በስሱ የሚሸፍን፣ ዓይን በቀላሉ የማያየው የውጭ ሽፋን ደግሞ አለ። ከሁሉም የሚግለው እርሱ ነው፤ ወደ 1,400 ዲግሪ ይጠጋል።

ጠቆር ያለው ክፍል ተን መሆኑን እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዳይ በቀላል ዘዴ ያሳይ ነበር። የቀጭን ብርጭቆ ቱቦ አንዱን ጫፍ ወደ ነበልባሉ ሆድ ያስገባና በሌላው ጫፍ የሚወጣውን ነጭ ተን በክብሪት ይለኩሰዋል፤ ሁለተኛ ነበልባል ይበራል። ፋራዳይ በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ ለወጣቶች ስለ ሻማ የሰጣቸው ስድስት ትምህርቶች በመጽሐፍ ታትመው እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

የሰሙ ተን ከክሩ እየራቀ ሲሄድ ሙቀቱ ረጃጅሞቹን ሞለኪውሎች ይሰባብራቸዋል። በሥሩ በኩል ከጎን የገባው አየር በቂ ስለሆነ ቁርጥራጮቹ በፍጥነት ይነድዳሉ፤ በዚያ ቅጽበት የሚፈጠሩ፣ ሁለት ካርቦን ወይም አንድ ካርቦንና አንድ ሃይድሮጅን ብቻ የያዙ ጊዜያዊ ቅንጣቶች ሰማያዊ ብርሃን ይረጫሉ። ወደ ላይ ግን ኦክስጅኑ ያጥራል። ሃይድሮጅኑ ቀድሞ ይለያል፣ ካርቦኑ እርስ በርሱ እየተያያዘ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቶቹ ተጠራቅመው የጥላሸት ቅንጣት ይሆናሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት በአጉሊ መነጽር እንኳን ለማየት የምታስቸግር ናት። በ1,200 ዲግሪ ሙቀት የጋሉት ሚሊዮኖች ቅንጣቶች ናቸው ያንን ቢጫ ብርሃን የሚሰጡት። የሻማ ብርሃን ማለት የጋለ ጥላሸት ብርሃን ነው።

ይህን ማረጋገጥ ለሚፈልግ አንድ ማንኪያ ይበቃል። የማንኪያው ጀርባ ቢጫው ክፍል ውስጥ ለአፍታ ቢገባ ይጠቁራል፤ ከነበልባሉ ጫፍ ከፍ ብሎ ቢያዝ ግን ጥቁረቱ በጣም ትንሽ ነው። ጥላሸቱ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ውጩ ሽፋን ሲደርስ ኦክስጅን አግኝቶ ስለሚነድድ ነው። በደንብ የሚነድድ ጧፍ በየሰከንዱ ጥላሸት እየሠራ የሠራውን ራሱ ይበላዋል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ወይም ክሩ ሲረዝም ነበልባሉ ከመጠን በላይ ይረዝማል፤ ጥላሸቱ ሳይቃጠል ያመልጣል። በአብያተ ክርስቲያናት ጣሪያና በቆዩ ሥዕሎች ላይ ለዘመናት የተጋገረው ጥቁረት በከፊል እንዲህ ያመለጠ ካርቦን ነው።

ሰሙ ተቃጥሎ የት ሄደ ለሚለው ጥያቄ ኬሚስትሪ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። የንብ ሰም ዋነኛው ኤስተር ተለይቶ ቢሰላ፣ አንድ ሞለኪውሉ 68 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ወስዶ 46 የካርቦን ዳይኦክሳይድና 46 የውኃ ሞለኪውሎች ይሆናል። በክብደት ሲታሰብ፣ 10 ግራም ሰም 32 ግራም ያህል ኦክስጅን ይወስድና ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድና 12 ግራም ውኃ ይሰጣል። የሚወጣው ውኃ ከተቃጠለው ሰም ይበልጣል። በሮቤ ብርድ ይህን ማየት አይከብድም፤ የቀዘቀዘና የደረቀ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ተደፍቶ ቢያዝ ውስጡ ወዲያው ጉም ይለብሳል። ያ ጉም የተወለደው ከንብ ሰም ሃይድሮጅንና ከባሌ አየር ኦክስጅን ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይታይም፤ ማስረጃው የኖራ ውኃ ነው። ሻማ ከነደደበት ብርጭቆ ውስጥ ጥርት ያለ የኖራ ውኃ ተጨምሮ ቢነቀነቅ ወተት ይመስላል። የተፈጠረው ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የሶፍ ዑመር ዋሻ ግድግዳም የዚሁ ንጥረ ነገር አለት ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ ኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ያንን ዋሻ ያወጣው ተመሳሳዩን ኬሚስትሪ በተቃራኒ አቅጣጫ እየሠራ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የቀላቀለ ውኃ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ሻማ ይዞ ወደ ሶፍ ዑመር የሚገባ ጎብኚ ዋሻውን የቦረቦረውን ጋዝ በእጁ እየሠራ ይገባል።

አንድ መደበኛ ሻማ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ግራም ሰም ያቃጥላል፤ የሚወጣው ሙቀት 80 ዋት ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ለዓይን ብርሃን የሚሆነው እጅግ ጥቂት ነው። ሻማው 12 ሉመን ገደማ ሲሰጥ፣ የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል እንኳን 800 ሉመን ያህል ይሰጥ ነበር። በብርድ ምሽት ሻማ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከብርሃኑ ይልቅ ሙቀቱን በብዛት እያገኘ ነው።

የነበልባሉ ሹል ቅርጽ የሚመጣው ከስበት ነው። የጋለው ጋዝ ከአካባቢው ቀዝቃዛ አየር ይቀልላል፣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦታውን ለመያዝ ንጹሕ አየር ከሥር ይገባል። ስበት በማይሰማበት ቦታ ይህ ፍሰት የለም። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ላይ ሻማ ሲለኮስ ነበልባሉ ድቡልቡል፣ ደብዛዛና ሰማያዊ ሆነ፤ ቢጫው ጠፋ።

የነበልባሉን ለውጥ ለማየት ግን ጠፈር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ሳነቴ ይበቃል። ብዙ ሰው በከፍታ ላይ ኦክስጅን ይቀንሳል ሲል የአየሩ ቅንብር የተለወጠ ይመስለዋል። ቅንብሩ አይለወጥም፤ በደሎ መናም በቱሉ ዲምቱም ኦክስጅን ከአየሩ 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት፣ በዚያም ምክንያት በአንድ ሊትር አየር ውስጥ የሚገኘው ሞለኪውል ብዛት ነው። በባሕር ጠለል ያለው ግፊት 100 ቢባል ደሎ መና ላይ 86 ገደማ፣ ሮቤ ላይ 75 አካባቢ፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ 60 ያህል ይሆናል።

ሻማ በዚህ ስስ አየር ምን ይሆናል? ጥያቄውን በተራራ ላይ የፈተኑት ኤድዋርድ ፍራንክላንድና ጆን ቲንደል ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1859 ሁለቱ ሳይንቲስቶች ከስብ የተሠሩ ስድስት የስቴሪን ሻማዎችን በመጀመሪያ 4,800 ሜትር በሚያልፈው በሞን ብላን አናት ላይ ድንኳን ተክለው፣ ቀጥሎም ሻሞኒ በተባለችው የሸለቆ ከተማ አነደዱ። ከእያንዳንዱ ንደት በኋላ የጎደለው ሰም ተመዘነ።  ሚዛኑ ያሳየው የፍጆታ ልዩነት ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የተለወጠው ብርሃኑ ነበር፤ ነበልባሉ ደብዝዞ፣ ሰማያዊው ክፍል ሽቅብ ሰፍቶ ታየ።

ፍራንክላንድ ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ አየርን በሚያሳሳ ዕቃ ውስጥ ነበልባሎችን ለካ። ግፊቱ በአንድ ኢንች ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር ብርሃኑ ከመጀመሪያው 5 በመቶ ያህል እንደሚጎድል አገኘ። ይህ ምጣኔ በባሌ መንገድ ላይ ቢሰላ ውጤቱ ግልጽ ነው። በባሕር ጠለል 100 ብርሃን የሚሰጥ ነበልባል ደሎ መና ላይ ወደ 80፣ ሮቤ ላይ ወደ 60፣ ሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ ወደ 40 ይወርዳል። እንደ ሻማው ዓይነትና እንደ ክሩ ውፍረት ቁጥሩ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ሰሙ እኩል እየነደደ ብርሃኑ ለምን ያንሳል? መልሱ ጥላሸቱ ውስጥ ነው። ፍራንክላንድ እንደተረዳው፣ በሳሳ አየር ውስጥ ጋዞች በቀላሉ ይቀላቀላሉ፤ ኦክስጅን ወደ ነበልባሉ ውስጥ ጠልቆ ይገባና ካርቦኑ ተጠራቅሞ ጥላሸት ከመሆኑ በፊት ያቃጥለዋል። የኋላ ዘመን ምርምር ሌላ ምክንያት አክሏል፤ ጥላሸት የሚወለደው ቁርጥራጭ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲጋጩ ስለሆነ፣ ግፊቱ ሲወርድ ግጭቱ ይቀንሳል፤ የጥላሸቱም መጠን ከግፊቱ በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል። የሰሙ ፍጆታ ግን በዋናነት የሚወሰነው ከነበልባሉ ወደ ሰሙ በሚመለሰው ሙቀት ነው፤ የነበልባሉ ሙቀት ደግሞ በግፊት ብዙም አይለወጥም። በዚህ የተነሳ ሳነቴ ላይ የሚነድድ ሻማ ከቆላው ይልቅ ንጹሕ እሳት አለው፤ ጭሱ ያንሳል፣ ብርሃኑም ያንሳል። የሻማ ደማቅነትና የሻማ ጥላሸት ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ አንዱን ሳይቀንሱ ሌላውን መቀነስ አይቻልም።

ተራራው ላይ ሻማ የሚያስቸግረው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ነፋሱ ነው። እፍ ሲባል ሻማ የሚጠፋው ነፋሱ የጋለውን ተን ከክሩ ላይ ጠርጎ ስለሚወስደው ነው። የሚቀጣጠለው ነገር ከሙቀቱ ሲለያይ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ከጠፋ በኋላ ከክሩ የሚወጣው ነጭ ጭስ ጥላሸት አይደለም፤ ክሩ ገና ስለጋለ የተነነና በብርዱ ወደ ጥቃቅን ጠብታና ቅንጣት የተመለሰ ሰም ነው። የጠፋውን ሻማ ክብሪት ሳያስነኩ፣ ጭሱን ብቻ ከላይ በመለኮስ መልሶ ማብራት ይቻላል፤ እሳቱ በጭሱ ላይ ሮጦ ክሩ ላይ ያርፋል። ጠረኑም ምንጩን ይናገራል፤ የጧፍ ጭስ የማር ሽታ አለው፣ የፓራፊን ጭስ የለውም።

ከዚህ ኬሚስትሪ የሚወጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰም በድስት ሲቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደና ከመጠን በላይ ከጋለ ያለ ክር ይተናል፣ ድስቱም ራሱ ሻማ ይሆናል። በተቀጣጠለ ሰም ላይ ውኃ መድፋት አደገኛ ነው፤ ውኃው ከሰሙ ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ የሚነድደውንም ሰም ወደ ላይ ይረጨዋል። ክዳን ማጥለቅ ይበቃል፤ ኦክስጅን ያጣ ተን ይጠፋል። ጧፍ ሠሪዎች ሰሙን ከውኃ ጋር ቢያቀልጡ ትክክል ናቸው፤ ውኃው እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍላቱ ነጥብ አያልፍም፣ ሰሙም ወደሚቀጣጠልበት ሙቀት አይደርስም።

የሞን ብላኑን ሙከራ በባሌ መድገም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከአንድ ፓኬት የወጡ ስድስት ሻማዎች፣ ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ነፋስ የሚከለክል ድንኳንና ሰዓት ብቻ ያስፈልጋሉ። ደሎ መና፣ ጎባና ሳነቴ ላይ ለአንድ ሰዓት አንድዶ መመዘን፣ ነበልባሉንም በአንድ የስልክ ካሜራ፣ በአንድ ዓይነት ቅንብር ማንሳት ነው። የሮቤና የጎባ የኬሚስትሪ መምህራን፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም፣ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ በአውሮፓ ተራራ ስም የሚነበበውን ውጤት በራሳቸው መንገድ ላይ ሊለኩት ይችላሉና ይሞክሩት፤ የሚያገኙትንም ቁጥር ለቀጣዩ ክፍል ጽፈው ያስቀምጡ።